መኪናችን ያገኘችው ጎማ

ውሸት ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። እኔ ማንንም ለማሳመን አልጻፍኩም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት... ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ጥር ነው። ሐሙስ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

እኛ ጋ፣ በሰሜን ፊንላንድ፣ በጥር ስምንት ሰዓት ማለት መሽቷል ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን ጥቅምት ላይ ነው። ባሌ ኦስሞ የበጋውን ጎማ ከነቸርኬው አውልቆ የበረዶውን ገጠመ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። የሱ የበረዶ ጎማ ግን አሮጌ ነው፤ አየሩን የሚለካው ሴንሰር ውስጡ የለም።

ወዲያው ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫዋ የጎማ ማስጠንቀቂያ መብራት በራች። በአራቱም ጎማ ቦታ የአየሩ ልክ ቁጥር ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ መጣ።

"አሠራው እንጂ!" አልኩት።

"መኪናዋ የድሮ ጎማዎቿ ናፍቀዋት ነው፤ ያልፍላታል" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጥቁር ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈባት። መብራቷም ሰረዞቹም ተሸፈኑ።

ጎማ ተቀይሮ መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና መታሰር አለባቸው። ይሄን እዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

"አስረሃቸዋል?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ አስሬያለሁ አልኩሽ እኮ! አትጨቅጭቂኝ።"

እኔም ሞኟ አመንኩት።

የበጋዎቹን በጠመኔ "ግራ ፊት"፣ "ቀኝ ኋላ" እያለ ጽፎባቸው ዕቃ ቤት ደረደራቸው። በሩን እኔው ቆለፍኩት። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ከመኪናው ቁልፍ ጋር ነው የሚውለው።

ያን ሐሙስ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሄልሚን ከጥርስ ሐኪም እያመጣኋት ነበር። ቤት ለመድረስ አርባ ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ግራ ቀኙ ጫካ ነው። ከፊትም ከኋላም መኪና የለም።

ሄልሚ ከጎኔ ሆና ፕላስተሩን በጥፍሯ ትልጣለች።

"ተይ አልኩሽ!"

"እማ... ቁጥር መጣ።"

አየሁት። ግራ ፊት... ሁለት ነጥብ አራት።

የተቀሩት ሦስቱ ያው ሰረዝ ናቸው።

መኪናዋ ቁጥር የምታሳየው ሴንሰሩ አጠገቧ ሲሆን ብቻ ነው። የግራ ፊት ሴንሰር ደግሞ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ተቆልፎበት።

ሁለት ነጥብ አንድ...

አንድ ነጥብ ሰባት...

"እማ፣ እየወረደ ነው" አለች በሹክሹክታ።

አቆምኩ። "እንዳትወርጂ" ብያት ወረድኩ።

ጎማውን ረገጥኩት። ድንጋይ ነው፤ አየሩ ሙሉ ነው። ቸርኬው ግን... ተነቃነቀ።

በስልኬ አበራሁ። አምስት ብሎን መኖር ነበረበት። አራት ነው ያለው። አራቱም በጣቴ ይዞራሉ!

ልጄን ይዤ እኮ ነው! በዚህ በረዶ ላይ፣ በሰማንያ እየነዳሁ!

"ኦስሞ!" ብዬ ጫካው መሐል ጮህኩ።

ያኔ ነው መሬቱን ያየሁት።

ከኋላችን ሁለት መስመር የኛ ጎማ ዱካ አለ። ከጎኑ... ሦስተኛ መስመር። የአንድ ጎማ ብቻ። የበረዶ ጎማ በረዶውን የሚነክስበት ምስማር አለው፤ ይሄ ዱካ ግን የምስማር ምልክት የለውም። ከርቀት አብሮን መጥቶ፣ ግራ ፊት ጎማችን አጠገብ፣ እግሬ ሥር ያልቃል።

መፍቻ አውጥቼ አራቱን አሰርኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ደወልኩለት። ሳውና ውስጥ ነበር።

"ብሎኖቹን አስረሃቸዋል?"

"ስንቴ ነው የምነግርሽ..."

"በሄልሚ ማልልኝ!"

የሳውናው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ።

"ሲርካ... ረሳሁት" አለ ስሜን ጠርቶ፣ ቀስ ብሎ። "ዛሬ ነገ ስል..."

ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ነበር።

በሃያ እየነዳሁ ቤት ደረስኩ። ኦስሞ በፎጣው ላይ ካፖርት ደርቦ ደጅ ቆሟል። ሰላም አላልኩትም። ቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ጠዋት የጣለው በረዶ ደጃፉ ላይ እንዳለ ነው። የሰውም የጎማም ዱካ የለበትም።

ከፈትኩት።

አራቱም በቦታቸው ናቸው። ከላይ ያለው "ግራ ፊት" የሚለው ነው።

ጠመኔው ርሷል። የጎማው ጥርስ መሐል በረዶ አለ፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ዳሰስኩት... ይሞቃል። አየሩ ግን ሙልጭ ብሎ ወጥቷል።

ከአምስቱ የብሎን ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ ብሎን አለ። የኛ ብሎን። ከመኪናው የጎደለው።

"አውጣው" አልኩት።

ኦስሞ በጣቱ ሞከረ። በሁለት እጁ ሞከረ። ከቸርኬው ጀርባ ብሎኑን የሚይዘው ምንም የለም፤ ባዶ አየር ነው።

"አይዞርም..." አለ። "እኔ የረሳሁትን ጎማው ራሱ አጥብቆ አስሮታል።"