ከዋሻው በመጨረሻ የሚወጣው

ሦስት ጊዜ ሞታለች። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ተኩላ በላት። ቀጥሎ ከድልድይ ወደቀች፤ ማንም አልገፋትም፣ ራሷ ናት የሄደችበት። ሦስተኛው ሞቷ ግን ያሳፍራል። በትር መያዣ መስሏት የተጫነችው ቁልፍ በትር መጣያ ኖሮ ወንዝ ውስጥ ወረወረችው። ላውጣ ብላ ስትገባ ሰመጠች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስትከታተል የኖረች ሴት ናት። አንድም ቀን ተይዛ አታውቅም። አሁን ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ተኩላ መጫወቻ አደረጋት።

«ጉድ ፈላ!» አለች ለብቻዋ።

ክፍሏ የኪራይ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ለአከራይዋ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ለቢሮው «መርፌ» ናት። ጨዋታው ውስጥ ደግሞ ፈዋሽ አድርገው አስገብተዋታል። ፈዋሽ የቆሰለ ያክማል፣ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማንም አይጠረጥረውም ብሎ ነበር የቢሮው ቴክኒሺያን ያስረዳት። እሱ ምን አለበት! ስክሪኑ ላይ አርባ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። የትኛው ማከሚያ፣ የትኛው መግደያ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የተላከችው ለአንድ ሰው ነው።

ሰውየው የቢሮው ዕቃ መዝጋቢ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ደብተር ይዞ ጠፋ። ስልክ የለውም። ለዘመድ አይጽፍም። ያለው ሱስ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ጨዋታ። አለቃዋ ሲያሰማራት እንዲህ አላት፦ «ደብተሩ ላይ የሰዎቻችን ስም አለ። ጠላት እጅ ከገባ ያልቃሉ። ሰውየውን ቀድመን ካገኘነው ግን እሱም ይተርፋል። በሕይወት ነው የምፈልገው፤ ቃሌ ነው።»

አመነችው። ስንት ዓመት አብራው ሠርታ እንዴት አታምነው?

ከሞት ተነስታ ወንዙን በባዶ እጇ ስትደበድብ አንድ ግዙፍ ጋሻ የያዘ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። ከአናቱ በላይ ጽሑፍ ወጣ።

«እህቴ፣ ወንዙ ምን በደለሽ?»

ከቢሮው የተሰጣትን ወረቀት አየች፤ ግዙፍ ጋሻ ይዞ ጀማሪ የሚረዳ ይላል።

እሱ ነው።

«በትሬ ገባብኝ» ብላ ጻፈች።

«ይግባ፣ ሌላ አለ። ጫማሽስ?»

«ጫማም አለ እንዴ?»

«ወይ ጣጣ! ያለ ጫማ ነው ተኩላ ላይ የዘመትሽው?»

አንድ ሳጥን ተከፈተ። ጫማ፣ በትር፣ የዝናብ ካባ። «ተቀበል» የሚለውን ተጫነች፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ትክክለኛውን ቁልፍ አገኘች።

«ይስጥልኝ። ማን ልበልዎ?»

«ጋሼ ይሉኛል። አንተ በይኝ ግን። የብረት ልብስ ለብሼ እየተንጎራደድኩ አንቱታ አያምርብኝም።»

ሰዓቷን አየች። አራት ከሃያ። ወረቀቷ ላይ «ግንኙነት ተፈጥሯል» ብላ ጻፈች።

*

ሁለት ወር አለፈ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ወደደችው። ጠዋት ስትነሳ ፊቷን ሳትታጠብ ኮምፒውተሩን መክፈት ጀመረች። ተኩላውን ገደለችው። ማከሚያውን ከመግደያው ለየች። አንድ ቀን ጋሼን ከሞት አፋፍ ስትመልሰው «እሰይ! አንቺ ወንዝ ደብዳቢ፣ ሐኪም ሆንሽ!» ሲላት፣ በዚህ ዕድሜዋ እንደ ተማሪ ደስ አላት። በራሷም ተናደደች።

ጋሼ የሚመራው የተጫዋቾች ማኅበር ሌላው የማይፈልጋቸው ጀማሪዎች ስብስብ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ አለች፣ ሊጡን አስቀምጣ እስኪነሳ የምትጫወት። ታክሲ ነጂው አለ፣ ወረፋ ሲጠብቅ በስልኩ የሚገባ። ታላላቆቹ ማኅበራት እንዲህ ያለውን ዞር ብለውም አያዩት።

ዋሻ የሚባል ነገር አለ። ጀማሪ ብርቁን ዕቃ የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ሳምንታት ይለፋል፣ የለቀመውን ተሸክሞ መውጣት ግን አለበት። ዋሻውን የከፈተው መሪ ቀድሞ ከወጣ በሩ ይደረመሳል፤ ውስጥ የቀረው ሰው የያዘው ሁሉ ይጠፋል። የሌላ ማኅበር መሪዎች ድርሻቸውን አንስተው እብስ ይላሉ። ጋሼ አንድም ቀን አላደረገውም። በሩ ላይ ጋሻውን ተክሎ ይቆማል፤ የመጨረሻው ጀማሪ እየተደናበረ እስኪወጣ ይጠብቃል። የመጨረሻዋ ጀማሪ ሁልጊዜ እሷ ናት።

አንድ ጥፋት ግን አለበት። ጨዋ ነው።

ሌላ ተጫዋች መብራት ሲሄድበት ይጠፋል፣ ሲመጣ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ጋሼ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያውም ከነምክንያቱ። «ይቅርታ ልጆች፣ መብራት ሄዶብኝ ነው።» መርፌ ደቂቃዋን ትጽፋለች። አሥራ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ፤ አሥራ አራት ጊዜ ጻፈች። ከመብራት ኃይል መዝገብ ጋር ሲተያይ አሥራ አራቱ ሰዓት የገጠመው በአንድ ሰፈር፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

አለቃን የምታገኘው ልብስ ንጽሕና መስጫ ነው። ኮት ሊያሳጥብ የመጣ ሰው መስሎ ቆሟል። እሷም የሰው ቀሚስ ይዛለች።

«አገኘሽው?»

«መንገዱን። አንድ ትራንስፎርመር፣ ስድስት ቤት።»

«ከስድስቱ እኛ እንለያለን። ቅዳሜ ዘጠኝ ተኩል እንገባለን። ከዘጠኝ ጀምሮ ከወንበሩ እንዳይነሳ ያዢው።»

«ዋሻ አስከፍተዋለሁ።»

«ምን?»

«ዋሻ። ከገባ ሰው ጥሎ አይወጣም።»

«ዋሻም በይው ጉድጓድ። ደብተሩ የት እንዳለ ጠይቂው። ያምንሻል አይደል?»

«ያምነኛል።»

«ጎበዝ።»

«አይነካም ብለውኛል።»

«አንድ ቃል ስንቴ ታስምይኛለሽ?» አለና ኮቱን ይዞ ወጣ።

ጎበዝ መባሏ አልጣማትም። ሌላ ጊዜ ይጥማት ነበር።

*

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ከአምስት።

ዋሻው ውስጥ ናቸው። ዳቦ ጋጋሪዋና ታክሲ ነጂው ወደ ውስጥ ዘልቀው ይለቅማሉ። እሷና ጋሼ በሩ ላይ ቀርተዋል። ሌላው የማያየውን የግል ጽሑፍ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ድሮ ምን ትሠራ ነበር?»

ጋሻውን መሬት ላይ አስደግፎ ጻፈ።

«ዕቃ መዝጋቢ ነበርኩ። ሰው ይዘው ሲያስገቡ ኪሱ ውስጥ ያለውን ተቀብዬ እጽፋለሁ። ሲወጣ እመልስለታለሁ።»

«እና?»

«አሥራ አንድ ሰው ዕቃውን ሊወስድ አልመጣም።»

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።

«ስማቸውን፣ ዕቃቸውን፣ የፈረመባቸውን ሰው በደብተር ጽፌ ያዝኩ። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? መጻፍ ነው የማውቀው። አንዱ መምህር ነበር። አንድ የእጅ ሰዓት፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ መነጽር። የመነጽሩ እጀታ በጥቁር ክር የታሰረ።»

እሷ ናት ያሰረችው።

የዛሬ አምስት ዓመት መምህሩን ከቤቱ አታልላ ያወጣችው እሷ ናት። ከመኪና ሲወርድ ተደናቅፎ መነጽሩ ተሰበረ። አሳዘናትና ከቦርሳዋ ክር አውጥታ አሰረችለት። ከዚያ ለአለቃ አስረከበችው። በማግስቱ አለቃ «ጠይቀን ለቀቅነው፣ ውጭ አገር ሄደ» አላት። አመነች። ማመን ነበር የሚቀላት።

«ማን ነው የፈረመው?»

«ስም አይጽፍም። ሁለት ክብ፣ ከሥሩ ሰረዝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት በሥራ ትእዛዟ ግርጌ ያየችው ፊርማ ነው። የሰዎቻችን ስም፣ ጠላት፣ በሕይወት ነው የምፈልገው፤ ሁሉም ውሸት ነው። አለቃ የሚያሳድደው የራሱን እጅ ጽሑፍ ነው።

ዘጠኝ ከአሥር።

«ጋሼ፣ ተነስ። አሁኑኑ ከቤት ውጣ።»

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም።»

ጋሻ ያዡ አልተንቀሳቀሰም።

«እነሱ ናቸው የላኩኝ። መብራት በሄደብህ ቁጥር ሰዓቱን ጽፌያለሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ይገባሉ።»

ስድብ ጠበቀች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ወንዙን መደብደብሽስ? እሱም ትወና ነበር?»

«እሱ እውነት ነው።»

«እንኳን። እሱን ባጣው ይከፋኝ ነበር።»

«በናትህ ውጣ!»

«ሁለቱ ውስጥ ናቸው። የስድስት ሳምንት ልፋታቸውን ይዘዋል።»

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው!»

«ለእኔ አራት ዓመት ሰው ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ አለ አላልሽም? አራት ይበቃኛል።»

ሳጥን ተከፈተ። ውስጡ አንድ ደብዳቤ፣ ሲነበብ የሚቃጠል ዓይነት። ገበያው ጥግ ያለ ሰዓት ጠጋኝ፣ አራት ዓመት ሙሉ ባለቤቱ ያልወሰደው የግድግዳ ሰዓት። የጋሼን ሰዓት ልወስድ መጣሁ በዪው። ጀርባውን ክፈቺው።

«ለምን ለእኔ?»

«ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝማ። ምን ላድርግ፣ አንቺም ብትሆኚ።»

ደብዳቤው ተቃጠለ። ጋሼ ጋሻውን በሩ ላይ ተክሎ ጮኸ፦ «ልጆች፣ ውጡ! ፍጠኑ!»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀድማ ወጣች። «ተመስገን! ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ታክሲ ነጂው ተከተለ።

«አንቺም ውጪ» አላት። «ሁልጊዜ መጨረሻ ነሽ።»

ወጣች።

ሁለተኛው ስልኳ ነዘረ። አለቃ ነው።

«ደረጃው ላይ ነን። እንዳትለቂው።»

ዘጠኝ ከአሥራ አራት።

ዘጠኝ ተኩል ብሏት ነበር። እሷንም አላመናትም።

«መጡ! ደረጃው ላይ ናቸው!»

እንደገና ጻፈች።

«ጋሼ!»

ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ መስመር ወጣ። «ጋሼ ከጨዋታው ወጥቷል።»

«መብራት ሄዶበት ነው» ብላ ጻፈች ዳቦ ጋጋሪዋ። «አሁን መጥቶ ይቅርታ ይላል፣ ታዩታላችሁ።»

*

ሰኞ፣ ልብስ ንጽሕና መስጫ።

«ደብተሩስ?»

«አልነገረኝም።»

«ቤቱም የለም። ኮምፒውተሩ ባዶ ነው፣ የተጻጻፈው ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል አሉ። ሞኝ ሰው ነው ባክሽ። በሩን ስንሰብር መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንደኛ ፎቅ ነው፣ ቢዘል ያመልጥ ነበር። እሱ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ይነቅላል!»

የቀሚሱን መስቀያ ጨብጣ ቆመች። ስክሪኑ ላይ የእሷ ቃላት ነበሩ። እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። መጡ። መስኮቱን ትቶ ገመዱን የነቀለው ለእሷ ነው፤ ለሸጠችው ለእሷ።

«አሁን የት ነው?»

«የት ነው ይባላል? አለቀ።»

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር።»

«መርፌ፣ ዕረፍት ውሰጂ። ከስተሻል።»

እዚያው ብታንቀው ደስ ባላት። ፊቷ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የተማረውን አደረገ፤ ምንም አላሳየም።

«እሺ» አለች።

በነጋታው ለአከራይዋ እህቴ ታማብኛለች ብላ ክፍሉን ለቀቀች። «ምነው እትዬ፣ ገና ሳንጠግብሽ!» አሉ ሴትየዋ፣ ከልባቸው። ሰዓት ጠጋኙ ሰዓቱን አቧራውን ጠርጎ ሰጣት። ደብተሩ ውስጡ ነበር።

አሥራ አንድ ቅጠል። ስም፣ አድራሻ፣ ዕቃ፣ ቀን፣ ሁለት ክብና ሰረዝ። አለቃ በዚህ እንደማይወድቅ ታውቃለች፤ እንደ እሱ ያለው ቢወድቅም የሚወድቀው ፍራሽ ላይ ነው። ቢያንስ አሥራ አንድ ቤት ቁርጡን ይወቅ። አሥሩን ቅጠል ላኪ የሌለው ፖስታ ውስጥ ከታ ላከች። አሥራ አንደኛውን ራሷ ይዛ ሄደች።

የመምህሩ ሚስት በሩን ከፈቱ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል። ወረቀቱን ቆመው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። አልጮሁም። ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ሞቷል ማለት ነው» አሉ።

«አዎ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ በሩን ሳልቆልፍ ነው የተኛሁት። ቁልፍ አልያዘም ብዬ።»

መርፌ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«ሴት ናት አሉ የወሰደችው» አሉ ሚስትየው ወረቀቱን እያገላበጡ። «ጎረቤት አይቷታል። አነጋገሯ ለስላሳ ነው፣ ዘመድ ነው የምትመስለው አሉኝ። እዚህ ላይ ስሟ የታለ?»

«የለም።»

«ለምን አልጻፏትም?»

«አላውቅም፣ እናቴ።»

ሚስትየው ቀና ብለው አዩዋት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ያዙ።

«አንቺስ የማን ልጅ ነሽ? ፈርተሽ ሳትቀሪ ይህን ያመጣሽልኝ? የወለደችሽ ማኅፀን ትባረክ። ክፉ አይንካሽ። በሄድሽበት ሁሉ የሚያምንሽ ሰው አያሳጣሽ።»

የተመረቀ ዝም አይልም።

«አሜን» አለች።

ደረጃውን ወረደች። መንገዱ ላይ ሰዎች ታክሲ ይጠብቃሉ። ከኋላ ተሰለፈች፤ ከፊቷ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ የመጨረሻዋ እሷ መሆኗን ጠየቃት፣ አዎ አለችው።