ባለ አምስት ማዕዘኗ ካርቶን

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሳይንስ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ቁንጫ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሞዴል አንዲት ቁራጭ ካርቶን ነቅላ የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተች። ማንም አላያትም።

ኳስ የሚያህለው ሞዴል የወንድሟ ነበር። ታሞ በተኛበት ክረምት እሱ የመድኃኒቱን ካርቶኖች ባለ ስድስትና ባለ አምስት ማዕዘን አድርጎ እየቆረጠ፣ እሷ እያጣበቀች አብረው ሠሩት።

«አንዳንድ ባክቴሪያ ሆዷ ውስጥ እንዲህ ያለች ሳጥን አለቻት» ይላት ነበር። «ግድግዳዋ ፕሮቲን ነው። ምግቡ እዚህ ውስጥ ሲፈጭ መሀል ላይ መርዝ ይወጣዋል። ሳጥኗ መርዙን አፍና ይዛ ወደሚጠቅም ነገር እስኪቀየር አትለቀውም። ገባሽ፣ ቁንጫ?»

ቁንጫ ያላት እሱ ነው፤ ቅጽል ስሙ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏታል።

በወንድሟ ቀብር ማግስት የክፍል ጓደኛዋ፣ ረጅሟ ሸንበቆ፣ መጥታ አብራት አለቀሰች። ስትወጣ «እናትሽ ባዩት ቁጥር ይብስባቸዋል፤ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ብላ ሞዴሉን ወሰደች። ዛሬ የራሷን ስም ለጥፋበት መጣች። ቁንጫ ትናንት እንድትመልስላት ስትጠይቃት «ኧረ አታካብጂ! እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አያስፈልገው» ነበር መልሷ።

ዳኛዋ የባዮሎጂ መምህርቷ ናት። ሸንበቆ ስለ ፕሮቲኑ ቅርፊት፣ ስለሚታፈነው መርዝ እንደ ውሃ አወረደችው።

«ጎበዝ! ታዲያ ይቺ ቀዳዳ ምንድን ናት?»

ሸንበቆ ሞዴሉን አዙራ አየችና ደነገጠች። «እ... አየር መግቢያ ናት፣ ቲቸር።»

«ባክቴሪያዋ መስኮት አላት እንዴ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ዝም በሉ! ቅርፊቱ ቢሸነቆር ምን ይሆናል? የሚያውቅ አለ?»

ቁንጫ እጇን አወጣች። «መርዙ ይወጣና ራሷን ባክቴሪያዋን ይጎዳታል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሞዴሉን የሠራው ልጅ፣ ቲቸር። ወንድሜ።»

መምህርቷ የተለጠፈውን ስም አየች፤ ቀጥሎ ሸንበቆን አየች።

ሸንበቆ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ወደ ቁንጫ ጠጋ አለች። «ቁንጫዬ፣ በእናትሽ... አንቺ ጋ ካለች ስጪኝ። ቀዳዳዋን ልድፈንባት።»

ቁንጫ እጇን ኪሷ ከተተች። የቁራጯ አምስቱም ጫፎች አንድ በአንድ ተሰሟት። ከዚያ እጇን ባዶውን አወጣችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ሞዴሉ በመምህርቷ ትእዛዝ በዚያው ቀን ወደ ቁንጫ እናት ቤት ተመለሰ። ቁራጯን ግን እስከ ዛሬ መልሳ አላጣበቀቻትም።