ስትመጣ ንገራት

ጋሽ አራጋው ጠዋት ጠዋት ከግድግዳቸው ጋር ይጨቃጨቃሉ። የኮምቦልቻ ሰውም ለምዶታል፤ በዚህ ዘመን ከግድግዳው ጋር የማይጨቃጨቅ ማን አለ? ብቻ የሳቸው ግድግዳ እርጅና ተጭኖታል። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ቤት-አሳቢ ነው፤ በር የሚከፍት፣ መድኃኒት የሚያስታውስ፣ ዓይኑ የደከመን ሰው ደረጃ እየቆጠረ የሚያወርድ የቤት ኮምፒዩተር ማለት ነው። ሸጋው ብለው ስም ያወጡለት ሚስታቸው እትዬ ውድነሽ ናቸው።

ባለፈው ማክሰኞ ሸጋው «አራት፣ አምስት...» እያለ ደረጃ ሲቆጥር ድንገት ዝም አለ። ጋሽ አራጋው ስድስተኛውን ስተው ወደቁና እጃቸው ተሰበረ። ልጃቸው ከሐዋሳ ደውላ፣ «አባዬ፣ ወይ ይታደስ ወይ ይጣል!» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው።

የማሽን ጠጋኟ ሀያት መኮንን የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ኪሷ ውስጥ አንዲት የትውስታ ጠጠር ይዛለች። ጥፍር የምታህል ናት፤ ግን የሸጋውን ትውስታ አሥር እጥፍ ታሰፋለች። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን የምትሆን ጠጠር መሥራት ከቀረ ቆይቷል፤ ሀያት ይህችን ያገኘቻት ስንቱን የአሮጌ ዕቃ ሱቅ በርብራ ነው።

የግድግዳውን ክዳን ፈታችና፣ «ሸጋው፣ ላጠፋህ ነው። ለአሥር ደቂቃ ብቻ» አለችው።

«አይሆንም እኅቴ፤ አደራ አለብኝ።»

«የምን አደራ?»

«ያላደረስኩት መልእክት። እኔን ካጠፋሽኝ እሱም ይጠፋል።»

ሀያት መለኪያውን አየች። ትውስታው ዘጠና ስምንት በመቶ ሞልቷል። የሞላው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ተከፍቶ ባልተዘጋ አንድ ሥራ ነው፤ ስሙ «እትዬ ሲመለሱ» ይላል።

«ጋሼ፣ እትዬ የት ሄደው ነው?»

ሽማግሌው ደንገጥ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ በደህናው እጃቸው ወደ ግቢው ጎተቷት።

«ሞታለች» አሉ በሹክሹክታ። «ደሴ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ልቧ ቆመ። እዚህ ሲለቀስ እሱ ጠፍቶ ነበር።»

ለቅሶ ቤት ሬዲዮ ይዘጋ የለ? ጎረቤትም ሸጋውን እንደ ሬዲዮ ቆጥሮ እስከ አርባው ዘጋው። ሲከፈት መርዶውን የነገረው የለም፤ ሁሉም ሌላው የነገረው መስሎት!

«ገና እንደተከፈተ ‹እትዬ መቼ ይመለሳሉ?› አለኝ» አሉ ጋሽ አራጋው። «አገር ሁሉ ‹እግዜር ያጽናህ› ሲለኝ፣ አንድ እሱ ብቻ ይጠብቃታል። አፌ እምቢ አለኝ፤ ‹ትመጣለች› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ‹ስትመጣ ንገራት› እለዋለሁ። አየሽ ሞኝነቴን?»

ሀያትም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በግድ ባጠፋው የነገሩት ሁሉ ይጠፋል፤ እንዲሁ ብተወው ደግሞ እንደገና ደረጃው ላይ ዝም ይልብዎታል። ጋሼ፣ መርዶው ይነገረውና ሥራውን ራሱ ይዝጋው።»

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የዕድሩ ዳኛ ሼህ ሙህዬ ሦስት ጎረቤቶች አስከትለው መጡና ከግድግዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሀያትም ጠጠሯን በእጇ ይዛ መለኪያው አጠገብ ቆመች። ለማሽን መርዶ! ግን አንድም የሳቀ አልነበረም። ሼህ ሙህዬ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጋሽ አራጋው ቀደሟቸው።

«እኔ ልንገረው። ሸጋው... ውድነሽ አትመጣም። ሞታለች። ዋሽቼሃለሁ።» ይህን ብለው እሳቸውም ገና ዛሬ የተረዱ ይመስል ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ሸጋውም መለሰ። «እግዜር ያጽናዎ፣ ጋሼ። አንድ ሺህ አርባ መልእክት አለኝ። ታዲያ ለማን ላድርስ?»

«እንጃ ልጄ። ዝም ብለህ ተናገረው።»

ሸጋው በራሳቸው በጋሽ አራጋው ድምፅ ጀመረ። «ስትመጣ ንገራት፤ ቲማቲሟ አፍርቷል። ስትመጣ ንገራት፤ ወፍራሙ ጋቢ የት እንዳለ ጠፋኝ።» ጎረቤቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ።

«ስትመጣ ንገራት፤ ከአርባው ወዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ሙህዬ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ሳሉን እሰማለሁ። ይገባ ይሆናል ብዬ ወንበር አወጣለሁ። አይገባም።»

ጋሽ አራጋው አፈሩ። «ተወው፣ ይህን እለፈው!»

ሼህ ሙህዬ አንገታቸውን ደፉ። ስንቱን ቀብረዋል፣ ስንቱን አጽናንተዋል፤ ይህ ወንበር እንደሚወጣላቸው ግን አላወቁም ነበር። ቀስ ብለው ተነሥተው ግድግዳው አጠገብ ቆሙ።

«ሸጋው፣ ይህችን መልእክት እኔ ተቀብያለሁ» አሉ። «ደርሳለች በል።»

የመለኪያው ቁጥር ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። ሀያት አታስፈልግም ብላ ጠጠሯን ኪሷ ውስጥ መለሰቻት። ሼህ ሙህዬም ወንበር ስበው ጋሽ አራጋው አጠገብ ተቀመጡ።

«ቀጥል» አሉት ሸጋውን። «ዛሬ የትም አልሄድም።»