የተቆረጠው ሲም

ሰኞ መጋቢት 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የሀይረዲን የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። ባንኮኒው ላይ ሀይረዲን የራሱን ፎቶዎችና ስልክ ቁጥሮች ከአሮጌው አንድሮይድ ስልኩ ወደ አዲሱ አይፎን እያሻገረ ነበር። ሲሙን ለአይፎኑ እንዲመጥን በመቁረጫ ቆርጦ፣ ጥፍር የምታህለውን ቺፕ ከተረፈው የፕላስቲክ ክፈፍ ጋር በውሃ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስቀምጧታል። መደርደሪያው ላይ ሃያ ሰባት የደንበኛ ስልኮች ተደርድረዋል። ጓጉንቸሩ ከውጭ፣ መዝጊያው ላይ ክፍቱን ተንጠልጥሏል። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ መደብደብ ጀምሯል።

ማክሰኞ ጠዋት የሱቁ ሠራተኛ ሐናን ተቆልፎ ያገኘችውን ጓጉንቸር በቁልፏ ከፍታ መዝጊያውን ስታነሳ፣ ሀይረዲን ወለሉ ላይ ሞቶ ነበር። ጩኸቷን ሰምተው ሁለት ሰዎች ተከትለዋት ገቡ፤ ጎረቤቱ የስልክ ዕቃ ነጋዴ ሉቃስና የቂሊንጦ ፋብሪካ ሰርቪስ ሾፌር አቶ አምባው። ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ፖሊስ ሐናንን አሰራት። ሌላ ቁልፍ የነበረው በሟቹ ኪስ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ፀሐይቱ ሬሳው አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሀይረዲን የተመታው ማጅራቱን ነው፤ መዝጊያውን በሚስብበት ብረት። ወዲያው አልሞተም። ደም የነካቸው ሦስት የደንበኛ ስልኮች በእጁ አጠገብ ወድቀዋል።

«ለምን ሰው አልጠራም?» ስትል ሐናንን ጣቢያ ጠየቀቻት።

«በምን ይጥራ? ሁለቱ የማይበሩ ናቸው። ሦስተኛው ሲም የለውም። ደንበኛ እኮ ስልክ ሲያስጠግን ሲሙን ነቅሎ ነው የሚሄደው።» ሐናን ዓይኗን ጠረገች። «በዚያ ዝናብ ቢጮህስ ማን ይሰማዋል? ከውስጥ ሆኖ ጓጉንቸር አይከፈት። እኔም አሁን እንደሱ ነኝ፤ የምናገረው ሁሉ ቁልፉ ጋ ሄዶ ይቆማል።»

ሚስቱ ሰኪና ስልኳን አሳየቻት። ሰኞ ማታ 12፡20 ከባሏ ቁጥር የመጣ መልእክት ነው፤ ‹ሥራ በዝቶብኛል፣ ሱቅ አድራለሁ።›

«በዚህ የተነሳ አልፈለግሁትም» አለች ሰኪና። «ቅዳሜ ዕለት ‹ለአንድ ሰው ሦስት ቀን ሰጥቼዋለሁ፤ ራሱ ሄዶ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር። ማነው ብለው ‹ከተናገረ ስሙን ለምን አጎድፋለሁ?› አለኝ።»

ፀሐይቱ ወደ ሱቁ ተመለሰች። ቺፕዋ ክዳኑ ውስጥ አለች፤ ክፈፉ ግን የለም። አሮጌው ስልክም የለም። አዲሱ ስልክ ላይ የተላከ መልእክት አልነበረም። ቺፕዋን በወረንጦ አንስታ ጀርባዋን በአጉሊ መነጽር አየች። ነጭ ሙጫና ሁለት የጥጥ ክሮች ተጣብቀውባታል።

ረቡዕ በአሥር ሰዓት አራቱን ሰዎች ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ሐናን እጇ በካቴና ታስሯል። መዝጊያው እስከ ታች ወርዶ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል።

«ኢንስፔክተር፣ ትንሽ ከፍ ቢያደርጉልን» አለ ሉቃስ በሸሚዙ እያራገበ። «ገዳዩ ሳይታወቅ እኛ ታፍነን እናልቃለን።»

«ሀይረዲንም ትንሽ ከፍ ቢልለት ይወድ ነበር።» ጓጉንቸሩን ከኪሷ አውጥታ በአውራ ጣቷ ጠቅ አደረገችው። «ለመክፈት ቁልፍ ያስፈልጋል። ለመቆለፍ ጣት ይበቃል። ስለዚህ ቁልፉን እንተወው።»

ሐናን ቀና አለች።

«መልእክቱ ከአዲሱ ስልክ አልተላከም። አንድ ሰው ሲሙንና አሮጌውን ስልክ ይዞ ሄዷል፤ ማክሰኞ ጠዋት በጩኸቱ መሃል ሲሙን መልሶ ክዳኑ ውስጥ ጥሏል። ሀይረዲን እስከ ማታ በሕይወት የነበረ እንዲመስል ነው። ያን ጠዋት የገባችሁት ሦስታችሁ ናችሁ። አሮጌው ስልክ የሚቀበለው ትልቅ ሲም ነው። ሐናን፣ የተቆረጠ ሲም እዚያ ለማስገባት ምን ታደርጊያለሽ?»

«አዳፕተር ነዋ። መሳቢያው ሙሉ ነው።»

«አንተስ ሉቃስ?»

«እኔ እኮ እሸጣለሁ!»

«ይህን ሲም ግን ያስገባው ሰው ክፈፉ ውስጥ መልሶ ከጀርባው የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል።»

«ሞኝ ነው! ሙጫው የሲም ማስገቢያውን ፒኖች ይነቅልበታል» አለ ሉቃስ።

«ሞኝ አይደለም። ሥራው አይደለም እንጂ። አቶ አምባው፣ ሰርቪስዎ ውስጥ የእርዳታ ሣጥን አለ?»

አምባው ግንባሩን ጠረገ። «መልእክቱ ሲላክ እኔ ቂሊንጦ ነበርኩ። አርባ ሠራተኛ ይመሰክርልኛል።»

«ስልኩ አብሮዎት ከነበረ ከየትም ይላካል። ምስክር የሚያስፈልግዎት አሮጌው ስልክ ከአይፎኑ ጋር ለተቋረጠበት ለአሥር ሰዓት ተኩል ነው።» ፀሐይቱ ወደ ሐናን ዞረች። «ሀይረዲን የደንበኛን ፎቶ እንዴት ነበር የሚያሻግረው?»

«መጀመሪያ በራሱ ስልክ ያሳልፈዋል፤ በመሃል እንዳይጠፋበት። ባለፈው ሳምንት የጋሽ አምባውን ስልክ የቀየረውም እንደዚያ ነው።»

ፀሐይቱ አይፎኑን አብርታ አንድ ፎቶ አሳየቻቸው። ፎቶው ላይ የሰርቪሱ የፊት መብራት ተሰባብሯል። ቀኑ ጥር 9 ነው፤ ሮሪሳ የተባለች የፋብሪካ ሠራተኛ ቂሊንጦ መንገድ ላይ ተገጭታ የተጣለችበት ጠዋት። መለዋወጫ ለማፈላለግ የተነሳ ፎቶ ነበር።

አምባው ስክሪኑን አፍጥጦ አየው። «አሮጌውን እኮ ወስጄው ነበር…» አለና አፉን ያዘ።

«ወስደውታል። ፎቶው ግን ቀድሞዎት ተሻግሯል።»

አምባው ወደ መዝጊያው አንድ እርምጃ ሄደ። ውጭ የቆመው ፖሊስ በሌላ ጓጉንቸር ቆልፎት ነበር።

አሮጌው ስልክ በሰርቪሱ የእርዳታ ሣጥን ውስጥ፣ ከጥጡ ሥር ተገኘ። ክፈፉ ከነፕላስተሩ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነበር፤ ቺፕዋም ያለ ክፍተት ገጠመችበት። ሐናን በዚያው ዕለት ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተለቀቀች። ታስራ የቆየችው ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው።