ስምንት አንሶላ

ኔሪስ የስቱዲዮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ በሁለት እጇ ያቀፈችው የጀሶ ሰሌዳ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ፊት ለፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ ሰው የሚያህል ማንቆርቆሪያ ተሰቅሏል። በነጭ አንሶላ ላይ በሰማያዊ ቀለም ታትሟል። ክዳኑ ጠመም ያለ ነው፤ ከአፉ ሦስት ጭረት እንፋሎት ይወጣል፤ ሆዱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት አለ።

ያንን ማንቆርቆሪያ የሳለችው ራሷ ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሳይበልጥ። «ማንቆርቆሪያው ይነዝራል፣ እንዳትነካው» ማለት ነበር።

ሰሌዳውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች። ከማንቆርቆሪያው ቀጥሎ ግማሽ ዳቦ አለ። ከዚያ ቀስት የተሰካበት አውቶቡስ፣ ከዚያ የጎረቤታቸው አንድ ዓይና ድመት። በጠቅላላው ስምንት አንሶላ፤ ሁሉም የሷ፤ ሁሉም ከቤታቸው። ከመጨረሻው አጠገብ አንዲት ካርድ ተለጥፋለች።

«ማንበብ የማይችል ሰው ቤት። በታምዚን ሃርግሬቭ። በወንዙ አፍ የሚኖር የአንድ ዛጎል ለቃሚን ሕይወት መነሻ አድርጎ የተሠራ።»

አጠገቧ ያገኘችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

የኔሪስ አባት ኢድዋል፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት፣ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ወጥቶ በባለጥርስ መቧጠጫና በወንፊት ለምግብ የሚሸጥ ዛጎል የሚለቅም ሰው ነው። ማንበብም መጻፍም አይችልም። የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብለት ሚስቱ ነበረች፤ እሷ ስትሞት ኔሪስ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ስለ ነገሩ የምታውቀው አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «አክስቴ ቤት ነኝ» ብላ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና ጠረጴዛ ላይ ትታ ሄደች። ኢድዋል ስሟን እየተጣራ አሸዋውን ከዳር እስከ ዳር ሲያስስ አመሸ። ሲያገኛት ብጣሿ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበረች። ያን ዕለት ነው የነገራት። «ይሄ ነገር ከቤታችን አይውጣ» አላት። ከዚያ በኋላ ኔሪስ ለእሱ መልእክት በፊደል መጻፍ ትታ ትስልለት ጀመር። ያለፈባቸውን ሥዕሎች ቁምሳጥን ውስጥ ባለ የብስኩት ቆርቆሮ ከድና ታስቀምጥ ነበር።

ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ከአንድ ሰው በቀር። መጋቢት ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ አውቶቡስ ሲቆም ታምዚን እነሱ ቤት አደረች። ታምዚን በዚህ የሥነ ጥበብና ዲዛይን መሰናዶ ዓመት ያገኘቻት የመጀመሪያዋ እውነተኛ ጓደኛዋ ናት። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈችውን ሥዕል አይታ «ምንድን ናት ይቺ?» ስትላት ኔሪስ ነገረቻት። ታምዚን እጇን ያዝ አድርጋ «እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም» ብላ ማለችላት።

«አየሽው እንዴ?»

ታምዚን ከኋላዋ ቆማለች፤ ሁለት ኩባያ ሻይ ይዛለች። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት «ሰርፕራይዝ ነው» እያለች የኅትመት ክፍሉ ውስጥ ተደብቃ ነበር የሠራችው።

«ከየት አመጣሽው?» አለች ኔሪስ።

«በናትሽ፣ መጀመሪያ በደንብ እዪውና...»

«ታምዚን። ከየት አመጣሽው?»

«ፎቶ አንስቼ ነው። እናንተ ጠዋት አሸዋው ላይ የሄዳችሁ ጊዜ። ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ነበር፤ የብስኩት ቆርቆሮው ደግሞ...»

«ቆርቆሮው ክዳን አለው።»

ታምዚን ኩባያዎቹን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። «ልጠይቅሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ፕሮጀክቴ ምን ያህል ቀሽም እንደነበር ታውቂያለሽ። መምህርት ማርጌድ "ይህን ማንም ሊሠራው ይችላል" አሉኝ እኮ! ከዚያ አንዷን ብቻ ለሙከራ አተምኩ። ሁሉም ወደዷት። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«በአፍሽ።»

«ስሙን አልጻፍኩም። ማን ያውቀዋል?»

«"ዛጎል ለቃሚ" ብለሻል። በወንዙ አፍ ስንት ዛጎል ለቃሚ የቀረ ይመስልሻል? ዘጠኝ ናቸው። ነገ ማታ አራቱ ከአባቴ ጋር የክፍላችንን ኤግዚቢሽን ሊያዩ ይመጣሉ። አውቶቡስ ላይ የሚቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር ተነጋግረው ጨርሰዋል።»

ታምዚን ይህን አላሰበችበትም ነበር፤ ፊቷ ላይ ታየ። «ካርዱን እቀይረዋለሁ» አለች ፈጠን ብላ። «አሁኑኑ። ግን እንዳታስወርጂብኝ። ለንደን ለመማር ያገኘሁት ቦታ በዚህ ውጤት ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ካበላሸሁት አለቀልኝ።» ኔሪስ ወደ ማንቆርቆሪያው ዞር ስትል የታምዚን ድምፅ ጠነከረ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? አንቺ ቆርቆሮ ውስጥ ከድነሽባቸው ነበር። ጥበብ መሆናቸውን እንኳ አታውቂም ነበር።»

ኔሪስን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህ ነው፤ እውነት ስለነበረ። ተነስታ የጀሶ ሰሌዳዋን ግድግዳዋ ሥር አስደግፋ ወጣች። ሰሌዳው ላይ ያለው ውሃ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚተወው መስመር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራችው እሱን ነበር።

ኮሪደሩ ላይ መምህሯ ማርጌድ በሁለት እጃቸው ሽቦ ጠቅልለው ሲመጡ አገኘቻቸው።

«ኔሪስ! የታምዚንን አየሽው? ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ የሥዕል መስመር አላጋጠመኝም። እንደ ሕፃን ለመሳል እጄን ሳለማምድ ሦስት ወር ፈጀብኝ ነው ያለችኝ። ሦስት ወር!»

ኔሪስ ቆመች። «የሳልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቀዋለች። ለማን ሳልሽው? ለምን በጽሑፍ አልሆነም? ያ ሰውዬ ማነው?

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» አሉ ማርጌድ።

«አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነው» አለች።

ቤት ስትደርስ ኢድዋል ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ የክት ጫማውን ይቦርሻል። ወንበሩ መደገፊያ ላይ ከነዋጋ ወረቀቱ አዲስ ከረቫት ተንጠልጥሏል።

«ምን ሆነሻል? ጀሶው ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም።» ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። አንሶላዎቹን፣ ካርዱን፣ ፎቶውን፣ ሁሉንም ነገረችው። ኢድዋል አላቋረጣትም። ስትጨርስ ብሩሹ እጁ ላይ ቆሟል።

«ልጅቷ እኔ ማንበብ እንደማልችል በምን አወቀች?»

ኔሪስ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቶቡስ ላይ አላሰበችም ነበር። መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ስለ ታምዚን ብቻ ነው።

«እኔ ነገርኳት» አለች።

ኢድዋል ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ከጓዶቼ ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። የሚፈረም ወረቀት በመጣ ቁጥር መነጽሬን ረስቻለሁ እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አመኑኝ። መነጽር እኮ የለኝም፣ ኔሪ።»

ሳቅ መሰላትና ቀና አለች። ሳቅ አልነበረም። ኢድዋል ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮቱ ስታየው፣ ጠዋት አጥቦ የሰቀለውን ወንፊት አውርዶ እንደገና ያጥባል። ደረቷ ላይ ቁጭ ያለው ነገር፣ ከቀትር በኋላ በታምዚን ላይ የተሰማት፣ አሁን አባቷም ደረት ላይ እንዳለ ገባት። እሱ ላይ ያስቀመጠችው ግን ታምዚን አልነበረችም።

ተመልሶ ሲገባ እጁ ቀልቷል።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ጠዋት እንሄዳለን። ሰው ሳይመጣ።»

«አባዬ፣ ይቅርታ።»

«ሰምቻለሁ» አለ። ምንም አይደለም አላላትም።

በማግስቱ ጠዋት ከረቫቱን አላሰረም። የሥራ ጃኬቱን ለብሶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስቱዲዮው ውስጥ ማርጌድ አምፖል ያስተካክላሉ፤ ታምዚን መሰላል ላይ ወጥታ የአንዱን አንሶላ ጫፍ ትወጥራለች። ካርዱን አልቀየረችውም። ኢድዋልን ስታይ እጇ ባለበት ቀረ።

«የኔሪስ አባት ነኝ» አለ ለማርጌድ፣ ቆቡን አውልቆ። «ትንሽ ልመልከት።»

«እንዴታ! ይመልከቱ፣ ይመልከቱ።»

ከመጀመሪያው አንሶላ ጀመረ። እያንዳንዱ ፊት ቆም ይላል፤ ከንፈሩ በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዳቦው ጋ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ፤ ያን ቀን ዳቦ መግዛት ረስቶ እንደነበረ ኔሪስም ታስታውሳለች። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ግን አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ።

«ይሄ ተገልብጧል» አለ።

«ምኑ?» አሉ ማርጌድ።

«ወፏ። እግሯ ወደ ላይ ሆኗል።»

ታምዚን ከመሰላሉ ላይ አንሶላውን አየችው። «ጀልባ መስሎኝ ነበር» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ጀልባ አይደለም። የባሕር ወፍ ናት፤ አፏን ከፍታለች። ተቆጥቻለሁ፣ ስመጣ እንነጋገራለን ማለት ነው። ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።»

ማርጌድ ኢድዋልን አዩ፤ አንሶላውን አዩ፤ ኔሪስን አዩ። አምፖሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ኢድዋል ግን ካርዷ ጋ ደርሶ ነበር። ረዘም ላለ ጊዜ ቆመባትና ወደ ታምዚን ዞረ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት። እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ታምዚን ከመሰላሉ ወረደች። ካርዷን በቃሏ ታውቃታለች፤ ቢሆንም ጠጋ ብላ ጽሑፉ ላይ አፈጠጠች።

«ማንበብ...» አለች። «ማንበብ የማይ...»

«እሺ፣ ቀጥዪ» አለ ኢድዋል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ታምዚን አፏን በመዳፏ ከድና ማልቀስ ጀመረች። ኔሪስ አጠገቧ ናት፤ በሌላ ቀን ቢሆን ገና ዓይኗ ሲቀላ ታቅፋት ነበር። አሁን እጇ ከኪሷ አልወጣም።

«መስመሩ የማን ነው?» አሉ ማርጌድ።

«የኔሪስ» አለች ታምዚን።

ማርጌድ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ በአንዴ ያረጁ መሰሉ። «የታምዚን ውጤት የኔ ጉዳይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የንድፍ ደብተሯን ይዘን እንነጋገራለን» አሉ። ከዚያ ለኔሪስ ብቻ እንዲሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህ ግድግዳ ግን ያንቺ ነው። ካርዱን ቀድጄ ሌላ እጽፋለሁ፤ ያንቺ ስም ብቻ፤ ስለ ማንም አንዲት ቃል አይኖርበትም። ዛሬ ማታ ከሦስት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይመጣሉ። የጀሶ ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። ይሄ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሳኔው ያንቺ ነው።»

ኔሪስ ግድግዳውን አየችው። ማርጌድ አልተሳሳቱም። ከዚህ ርቀት ሲታዩ ስምንቱም አብረው የሚተነፍሱ ይመስላሉ፤ እንዲህ እንደሚሆኑ አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ስሟን ብቻ ከሥራቸው መጻፍ ነው። ማታ አራቱ የአባቷ ጓዶች እነዚህን ለማን እንደሳለች አሽሟጥጠው ይጠይቁ ይሆናል፤ ላይጠይቁም ይችላሉ። ወደ አባቷ ዞረች። ኢድዋል ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ይመለከታል፤ ቆቡን በሁለት እጁ ያዞረዋል። እንዲህ አድርጊ አይላትም። ይህን ታውቃለች።

መሰላሉን ጎትታ ማንቆርቆሪያው ሥር አቆመችው።

ሚስማሮቹ በቀላሉ ተነቀሉ። አንሶላው ራሷ ላይ ወደቀ፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። ይዛው ስትወርድ ታምዚን ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀረበች። ሁለቱን እጆቿን ዘረጋች፤ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነውና።

«አንዱን ጫፍ ልያዝልሽ» አለች።

ኔሪስ የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው። ጣቶቹ እስከ ጥፍር ሥር ድረስ ሰማያዊ ናቸው። ከዚያ አንሶላውን ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ተንበረከከች፤ ጫፉን ከጫፍ አጋጥማ ብቻዋን ታጥፈው ጀመር።