ለእንግዳው ብቻ የቀረበ ዓሣ

ወጣቱ ወደ ዓሣ ሻጯ መደብ በመጣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቃት ዋጋውን አልነበረም።

«ከየት በኩል ነው የተጠመደው?»

«ልትበላው ነው ወይስ ዘሩን ቆጥረህ ልታገባው?» ትለዋለች።

ይስቃል። እሷም ጥያቄውን አጠገቧ ለመቆየት የፈጠረው ሰበብ አድርጋ ወሰደችው፤ በዚያው ሰበብ ወደደችው። በባሕሩ ዳር ባለው ፋብሪካ ላቦራቶሪ እንደሚሠራ ስታውቅም ኮራችበት እንጂ አልጠረጠረችም።

የአባቷ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ምላሳቸውም መተሳሰር በጀመረ ጊዜ ሐኪሙ ደማቸውን መርምሮ ሜርኩሪ አገኘበት። ፋብሪካው ወደ ባሕሩ የሚለቀው ፍሳሽ ዓሣውን እንደ መረዘው፣ አጥማጁ አባቷም ለዓመታት ከዚያው ሲመገቡ እንደ ኖሩ ነገራት። የወጣቱ ጥያቄ ትርጉም ያን ዕለት ገባት። አላለቀሰችም። ምሳ ጠራችው።

በጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ዓሣ ብቻ ነበር፤ እሱም በእንግዳው ፊት። አባቷ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ቢይዙትም ውኃው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ብላ እንጂ ልጄ፤ አታስለምን» አሉት።

እጁን ሲዘረጋ፣ «ዛሬ አትጠይቅም?» አለችው። «ከፍሳሹ በኩል ነው።»

እጁ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ለአለቆቼ ተናግሬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አፍህን ካልዘጋህ እንጀራህን ታጣለህ አሉኝ።»

«ለራስህ ሆድ ሲሆን ግን አፍህ አልተዘጋም።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ከዚያም ዓሣውን ቆርሶ ወደ አፉ ሲወስድ ቁራሹንም ሳህኑንም ነጠቀችው።

«እንዲህ በቀላሉ አትገላገልም። ነገ ገበያው ሞልቶ ሳለ በገዛ አንደበትህ ትናገራለህ። አለዚያ ዓይንህን እንዳላየው።»

«ልጄ፣ ተይው» አሉ አባቷ።

«አልተወውም፣ አባዬ።»

በማግስቱ መጣ። ከመደቧ አጠገብ ቆሞ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። ገዢው ተበተነ፤ የእሷም ዓሣ ከሌሎቹ ጋር ተደፋ። ልጁ መራመድ የተሳነው አንድ አጥማጅ በጥፊ አጮለው። ለማስጣል አልተነሣችም። የሚወርድበትን ስድብ አንድም ሳያመልጣት፣ ጥሟን እንደሚያረካ ውኃ ጠጣችው።

ገበያው ጭር ሲል ከንፈሩ እየደማ ተጠጋት።

«በቃሽ?»

የሽርጧን ጫፍ በውኃ ነክራ ደሙን ጠረገችለት። እጇ ከፊቷ ይልቅ ለስላሳ ነበር።

«አልበቃኝም» አለችው። «ከወደቡ ማዶ ሌላ ገበያ አለ። ከዚያ ደግሞ የአለቆችህ በር።»

«ብቻዬን?»

«መንገዱን የት ታውቀዋለህ» አለችና እጁን ይዛ ፊት ፊት ሄደች።