የሰባት ሰዓቱ መልእክት

ማመን ያቃተው ይተወው። እኔ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ ነው። ሰባት ሰዓት፣ ቆርቆሮው በሙቀት የሚንጣጣበት ሰዓት።

ያ ሰዓት ድሮ ክብር ነበረው። የመንግሥት ሬዲዮ ጣቢያችን በረሃ ላሉት ከብት ጠባቂዎች መልእክት የሚያነበው ያኔ ነው። "እገሌ፣ እናትህ ታማለች፣ ና።" "እገሌ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ከወንዙ ውጣ።" አንባቢው ሽማግሌው ሀላቄ ነበር። ከማንበቡ በፊት ሁሌም ሁለቴ ያስላል።

ከዚያ ጣቢያውን ዘጉት። "ገጠሬው አሁን ስልክ አለው" አሉ ትልልቆቹ።

እሰይ! ስልኩስ ይኑር፣ ኔትዎርኩን ማን ያምጣለት?

ሀላቄም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።

ባሌ ሊበን ከሶሎሎ ወዲያ፣ በደረቀ የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ከብት ያጠጣ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ... የጎርፍ ማስጠንቀቂያ። ለእኔ! ቤቴ ቁጭ ላልኩት!

ሊበን ጋ ደወልኩ። አይሠራም። የቦዳቦዳ ሞተር ነጂዎቹን ለመንኩ፤ ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ነው ብለው እምቢ አሉኝ። ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።

"ቦሩ፣ ክፈትልኝ! አንድ ቃል ብቻ ልናገር!"

ዘበኛው ቦሩ ዓይኔን ማየት አቃተው። "እህቴ... ማሽኑን ወስደውታል። ባዶ ክፍል ነው።"

ጎርፉ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። ጊዜ ነበረ እኮ! እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ሊበንን ከነከብቶቹ አሸዋ ውስጥ አገኙት። የጠፋው ሁሌ ይዞት የሚዞረው ትንሿ ሬዲዮው ብቻ ነው። ቀይ ጨርቅ ሰፍቼ ያለበስኩለት እኔ ነኝ።

ሐዘኔ ገና ሳይወጣ... አንድ ቀን በሰባት ሰዓት የቤቴን ሬዲዮ ከፈትኩ። ልማድ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ ወዲህ ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የለውም።

ያን ቀን ግን ውስጡ ሰው አሳለ።

ሁለቴ።

"መልእክት አለ" አለ ሀላቄ። ከኋላው ውሃ ሲወርድ ይሰማል።

መልእክት ድሮ ከከተማ ወደ በረሃ ነበር የሚሄደው። ይሄኛው ወደ እኛ ነው የመጣው።

"ለምንታምር፣ ማንያታ። ከባልሽ ከሊበን። ሰባት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፍተን ጠበቅን... ለምን ዝም አላችሁ?"

ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ። ቦሩ ቁልፉን ይዞ ከጣቢያው በር ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

"ከውስጥ..." አለኝ በሹክሹክታ፣ "ከውስጥ ሰው ያስላል። እኔ አልገባም!"

ነጥቄው ከፈትኩ።

ማንም የለም። ግድግዳው ላይ የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ወለሉ መሃል ግን... ቀይ ጨርቅ የለበሰ ሬዲዮ ተቀምጧል። ጭቃ ውሃ ያንጠባጥባል። ተከፍቷል፣ ሽሽሽ ይላል።

ተንበርክኬ አፌን አስጠጋሁ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ነገርኩት።

"ሊበን... ከወንዙ ውጣ።"

ሽሽሽ ማለቱ ቀጥ አለ።

ከዚያ ከሬዲዮው ውስጥ፣ በጣም ከሩቅ... የላሞቻችን ቃጭል ወደ እኔ መምጣት ጀመረ።